ከሃያ ቁና አንድ እፍኝ

ሰኞ ነው። ጉም ወርዷል ከጦሳ ትከሻ፣
ከተማው የለም፤ አለ የመኪና ድምፅ ብቻ።
ጠረጴዛዬ ላይ ያረጀ ግልባጭ አለ፣
ከግልባጭ ግልባጭ ወጥቶ ፊቱ የከሰለ።
ዋናውን ልይ ብል መጽሔቱ ተቆልፏል፤
በዶላር ነው ቁልፉ፤ ደሴ ዶላር የት ይበቅላል?
አንድ ኩርባ መስመር፣ አሥራ አራት ነጥቦች፣
ከሥር የደበዘዙ የኢነርጂ ቁጥሮች።
ፕሮቶን መዳብ ሲመታ ስንቱ ዚንክ ይሆናል?
ሥዕሉ ያውቀዋል፤ ሲናገር ይኮላተፋል።
ቁጥሩ አልታተመም፤ ሠንጠረዥ የለውም፤
የለካው ሰው ሞቷል፤ ደብዳቤ አይደርሰውም።
እናም እንደ ምስር በሰፌድ ዘርግቼ
ነጥቡን እለቅማለሁ፣ ምሳዬን ረስቼ።

«ማን ሊያየው ነው?» አለኝ ኑርዬ ከበር ቆሞ፤
«ለአሥራ አራት ነጥብ አንድ ወር? ያውም ደግሞ
ሰው ሁሉ የተቀበለው፣ ያለቀ ነገር!»
መልስ አልሰጠሁትም።
አባቴን ሳስብ ነበር።

አባቴ ይማም ጌታው፣ የሰኞ ገበያ ሰፋሪ፣
ጤፍ ቢሉት፣ ማሽላ፣ ስንዴ ቢሉት ቆጣሪ፣
ከመስፈሩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
ቁናውን ገልብጦ፣ አቧራውን ጠርጎ፣
«ቆይ!» ይል ነበረ፣ «ገዢም ሻጭም ስሙኝ፣
ጠርዙ ተበልቷል ቁናዬ፤ ከሃያው አንድ እፍኝ
ይጎድላል፤ ነግሬያለሁ፤ እሱ አፍ አውጥቶ አይልም፤
ሰማሁ በል፣ ከሰማህ ልስፈር፤ ኋላ ሙግት የለም።»
አዲስ ቁና አትገዛም? ይሉታል። ይስቃል።
«አዲሱም ይጎድላል፤ ግን ስንቱን ማን ያውቃል?»
ሙሉ ነው የሚሉ ነበሩ ከጎኑ፤
እሱ ጋ ነው ወረፋው፣ እስኪመሽ ቀኑ።

ኑርዬ አያውቅም፤ እኔም ያወቅሁት ቆይቼ፣
የዚህ ሁሉ መለኪያ፣ ከመዝገብ አይቼ፣
«ባርን» ይባላል ስሙ። ትርጉሙ? ጎተራ።
ለነሱ ቀልድ ነበር፤ ለኔ የአባቴ ሥራ።

ዘጠነኛው ነጥብ ግን ከመስመሩ ወጥቶ
ብቻውን ቆሟል፣ እንደ ሚዜ ሠርግ ቤቱን ስቶ።
ሌሎቹ ጢም አላቸው፣ የስህተት፣ ወዲያ ወዲህ ስንዝር፤
እሱ ልሙጥ ነው፣ ጉድለቱን አይናገር።
አርባ ዓመት ሙሉ ሲገለብጡት ኖሩ፤
«እውነት ይሆን?» ሳይሉ በሱ ላይ ሰፈሩ፤
በሱ ላይ ተማምኖ ስንት ስሌት ቆመ።
ነገ ጨረር ሲመጥን ሐኪም ለታመመ፣
ያ ነጥብ ቢያሳስተው ማን ነው የሚከሰስ?
ወረቀት አይታሰር፣ ሙት አይመለስ።

የያኔ ረዳቱን አፈላልጌ ጻፍኩ፤
ወር ሙሉ ዝም አለች፤ ተስፋዬን ቆረጥኩ።
ትናንት መለሰች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
ፊደሉ ይነግራል፣ ይንቀጠቀጣል ጣቷ።
«የመዳቡ ቅጠል ተጨማዶ ነበር፤
ሁለቴ ብመዝነው ሰጠኝ ሁለት ቁጥር።
አንዱን መርጦ ጻፈ። ደብተሬ ሁለቱን ይዟል።
እስከ ዛሬ ማንም ‹አሳዪኝ› መች ብሏል?»

አልሰረዝኩትም ነጥቡን፤ ይቁም በስፍራው፤
ጢም ግን አበቀልኩለት፣ ያየ እንዲፈራው።
ከሥሩ ማስታወሻ፦ ሁለቱም ሚዛኖች፣
የእሷ ስም፣ ቀኑ፣ የደብተሩ ገጾች።
የኔንም ጻፍኩት፤ ስለቅም ለሳትኩት
የፀጉር ውፍረት ያህል ጉድለቴን ተመንኩት።
በሰፈሩት ቁና መሰፈር መች ይቀራል፤
ነገ ሌላ ለቃሚ የኔን ገጽ ይቆጥራል።
ከዚያ ለቀቅሁት፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ክፍያ፣
ለሚሻው ሁሉ እኩል፣ እንደ ሰኞ ገበያ።

ዘጠና ከመቶ ሲደርስ መብራቱ ሄደ።
ሊወጣ የነበረው ኑርዬ ቦርሳውን አወረደ፣
በስልኩ ብርሃን ወረቀቱን ይዞ፣
ብዙ ዝም አለ፣ እዚያው ላይ ፈዞ፤
ጣቱን ከነጥቡ ሥር፣ ከአሥራ አንደኛው መስመሩ፣
«የዚህ ጢም» አለኝ፣ «አልበዛም ማጠሩ?»