ፊርማ

ከስታዲየም ጀርባ፣ ካቶ ፍስሐ ሱቅ በር፣
ሰኞ አመሻሹ ላይ ሻይ ይዘን ነበር።
ሊስትሮው ምትኩ ሣጥኑን አንኳኳና
"ዘርጋው ሊፈርም ነው" አለን፣ "እንደገና።"

"በስንት?" አለ ሚሊዮን።
                "በስምህ ነው አሉ፤
ስምህን ሦስት ጊዜ፣ ከነጥቅሙ ሙሉ።"
ሚሊዮንን ሻዩ ትን አለው።
ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ሳቅ የለም፣ ሙግት ነው።

"ጎሉን ቁጠሩልኝ፤ ባምስት ዓመት አንዲት፣
እሷም ከኛው መረብ፣ በበረኛችን አናት።
ገንዘብ ላጥቂ ይሁን፣ መረብ ለሚያናጋ፤
ኳስ ጠልዞ ለሚያወጣ ይሄ ሁሉ ዋጋ?"

አቶ ፍስሐ ደግሞ መነጽሩን አውልቆ፣
የዱቤ ደብተሩን በብብቱ ወሽቆ፣
"ሠላሳ አንድ ዓመቱ፤ ግራ ጉልበቱ ስፌት፤
ጎማዋ ያለቀ ላዳ ባዲስ ዋጋ ልግዛት?
ብሩስ የማን ሊሆን? የኛው ነው፣ የግብር፤
መንገዱ ሳይጠገን እግር ይጠገን ጀመር!"

ምትኩ አንዱን ጫማ ቀብቶ፣ አንዱን ትቶ፣
ብሩሹን እንደ ዳኛ ካርድ ሽቅብ አውጥቶ፦
"እናንተ ቁጥር እወቁ፤ እኔ የማውቅ እግር፤
አውራ ጣቱ ጥቁር ነው፣ ጥፍር የለው፣ ጥፍር!
ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ
ያየ ሰው ባልደፈረ በዋጋ መጨቃጨቅ።
ደግሞስ ስሙን ስሙት፤ 'ዘርጋው!' ስንል ጮኸን፣
እየጠራነው ነው? ወይስ እያዘዝን?
አጥቂው በቁመቱ ሣር ላይ ሲነጠፍ፣
ዳኛው ግራ ገባው፣ የማንን ስም ይጻፍ።"

"አንተስ፣ ዘበኛው?" አሉኝ።
                እኔ ምን ልበል?
ባትሪ በኪስ፣ ዱላ በብብት፣ ልሄድ ስል።

ለገሃር አለ አንድ ሕንፃ፣ ያልተጨረሰ ፎቅ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብረቱን ስጠብቅ
አንዲት ሚስማር አልጠፋች። ባለቤቱ ሲመጣ
"ጌታዬ፣ ኑሮ ከበደ" ብለው፣ ድምፄ ሳይወጣ፣
"ለመሆኑ" አለኝ፣ "ሌባ ይዘህ ታውቃለህ?"
"አላውቅም።"
        "ታዲያ እኮ! በምን ልጨምርልህ?"

ያን ጨዋታ አስታወስኩ፣ የሰኔውን፣ በዝናቡ፣
ሰማንያ ስምንት ደቂቃ፣ ጃንጥላ ሥር ሲርድ ሕዝቡ።
አጥቂው ብቻውን ወጣ። በረኛው ወድቋል።
ዘርጋው ኳስ አልነካም፤ ሰው አልነካም፤ ቆሟል።
ቆሟል፣ ኳሷ ገና ልታስብ ባለችው ቦታ፤
አጥቂው ቀና ብሎ አየው። አየው። አመነታ።
ወደ ኋላ መለሳት።
                ዜሮ ለዜሮ ሆነ።
ማጨብጨብ ማን ያስታውስ? ሰው ታክሲ ፍለጋ ባከነ።

ዜሮ ባዶ መስሏችኋል? ሰው ነው፣ ጥሮ ግሮ፣
በላቡ የሚያበጃት ያቺን ክቧን ዜሮ።

ይህን ሁሉ አላልኩም። "ይገባዋል" አልኩኝ፤
ሚሊዮን "ቢሆንም ሦስት…" ሲል ትቻቸው ሄድኩኝ።
ከኋላ ይሰማኛል፤ "ሁለት!" "የለም፣ ሁለት ተኩል!"
ሰውየውን እንደ ቅርጫ ሲመድቡት እኩል።

ከበሩ ስደርስ ጨልሟል። ሰንሰለት ፈተሽኩኝ፣
ፌሮውን ቆጠርኩኝ፣ ውሻዋን ጠራሁኝ።
የመጨረሻው ባቡር በድልድዩ አለፈ፣
ባዶ ወንበሩን አብርቶ። ከዚያ ጸጥ። ነፋስ ነፈሰ፣ አረፈ።
አንድ ሁለቴ ሳልኩኝ፣ መኖሬ እንዲታወቅ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሲነጋ መዝገቡን ገልጬ ቀን ጻፍኩ፤
ከቀኑ ቀጥዬ፦ "ምንም አልተፈጠረም።"
ከሥሩ ፈረምኩ።