ሁለት ኪሎ

ከዚራ ዛፍ ጥላ፣ ከአስፋልቱ ጥግ ላይ፣
ሮብሌ ሚዛኑን ዘርግቷል ለሰው እንዲታይ።
«ሁለት ብር ብቻ፤ ጫማሽን አውልቂ፣
ትንፋሽሽን ያዢ፣ አትንቀጥቀጪ፣ አትሣቂ።»
ወጣሁ። መርፌው ዞረ፣ ሄደ ተመለሰ፣
ሥልሳ አንድን ነክቶ ትንሽ ተነፈሰ።

ሥልሳ አንድ።
ለቀላሎች ጀልባ ድንበሩን አላፊ፤
ለከባዶች ጀልባ አንድ የጨርቅ እራፊ።

ጀልባ ስል ሰው ይሥቃል፦ «በየትኛው ውኃ?»
ደቻቱ አሸዋ ነው፣ የግመል በረሃ፤
ሲኖትራክ ከሆዱ አሸዋ ያፍሳል፣
ኳስ የያዘ ሕፃን በላዩ ይመላለሳል።
የኛ ወንዝ ሌላ ነው፤ ከኮሌጁ አዳራሽ፣
ከቆርቆሮው በታች፣ ከዝላዩ ፍራሽ
አጠገብ የቆመ አንድ የብረት መቅዘፊያ፤
ሐዲድ ያለው ወንበር፣ የመዳፍ መግፈፊያ።
ስስበው ሲያቃስት ነፋስ ይወልዳል፣
ዓይኔን ከጨፈንኩኝ ማዕበል ይሄዳል።

አሰልጣኝ ዘርይሁን ሰዓቱን ጨብጦ፣
እንዲህ አለኝ ማክሰኞ፣ ቃሉን ቆራርጦ፦
«በመስከረም፣ ባሕር ዳር ነው ውድድሩ፤
ኀምሳ ዘጠኝ ብትገቢ ያንቺ ነው ክብሩ።
በዚህ ክብደትሽ ግን፣ ከከባዶች ጋራ፣
ቁመታቸው ዋርካ፣ ትከሻቸው ተራራ፣
መጨረሻ ትሆኛለሽ፤ ውሸት አልነግርሽም፤
ሁለት ኪሎ ማለት፣ ነጅሚያ፣ አይከብድሽም።»

በሁለት ሹራብ ላይ ላስቲክ ደራርቤ፣
ከሳቢያን ለገሃሬ ሮጥሁ ተርቤ፤
በቀትር፣ ፍየል ጥላ በሚለምንበት፣
የባጃጅ ሹፌር ጎማው ሥር በሚተኛበት።
ውኃ አልጠጣም ብዬ ምራቄን ተፋሁ፣
ሳምቡሳ ሲጠበስ ጠረኑን ገፋሁ።
ሌሊት በሕልሜ ግን ጀልባው ሐላዋ ሆኖ፣
መቅዘፊያው ሸንኮራ፣ ሐይቁ ማር ተከድኖ…

አባቴ ጡረተኛ፣ የባቡር ሚዛን ያዥ፣
ሬዲዮኑን ቀንሶ አየኝ እንደ ዕቃ ገዥ፦
«ፉርጎ ሲቀል» አለ «ሐዲዱን ይለቃል፤
ሲከብድም ዳገቱ ትንፋሹን ያንቃል።
እኔ ቁጥሩን ጻፍኩ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ሣጥኑን ግን ከፍቼ አላየሁም አንድ ዕለት።»
ምክር ይሁን ትዝታ አልገባኝም። ተኛ።

ከባድ ልሁን ብልስ? ዕንቁላል ስንት ገባ?
በስድስት ሰው ገበታ ጡንቻ በምን ይገንባ?
የወንድሞቼን ድርሻ በልቼ ልግዘፍ?
የታናሼን ወተት ለመቅዘፊያ ላሳልፍ?
ኪሎ የሚመጣው ከሰው ሳህን ነው።

በአራተኛው ቀን ሮብሌ ጋ ቆምኩኝ፣
ከንፈሬ ተሰንጥቆ ግንዱን ተደገፍኩኝ።
ኀምሳ ዘጠኝ ተኩል። ልጮህ አፌን ስከፍት፣
ልጁ መዳፌ ላይ ብሬን አስቀመጣት፦
«ተዪው፣ እህቴ» አለኝ፣ «ከበሽተኛ አልወስድም፤
ስትድኚ ትከፍያለሽ፣ ብሩ አይሰደድም።»

ከፊራ ወረድኩኝ። እናቴ ሚዛኗን
አንጠልጥላ ይዛ ስትመዝን ማንጎዋን፣
አንዲት ሴት ከፍላ ስትሄድ መልሳ ጠራቻት፣
«ቆይ፣ ምርቃትሽን!» አንድ ፍሬ ጣለችላት።
ዕድሜዬን አይቻለሁ ያ እጅ ሲጨምር፤
አንድም ቀን አልሰማሁ ምርቃት ስትቆጥር።
እኔን ስትወልድስ? ከዳሌዬ፣ ከባቴ፣
ሁለት ኪሎ ጣል አድርጋ ይሆን እናቴ?
«ምን ሆነሻል?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም።
ማንጎ ገመጥኩኝ። ሁለት። ሦስት። አልቆጠርኩትም።
ጭማቂው በክርኔ ሲወርድ አየሁት፤
በዚያ ሰሞን፣ በድሬ፣ ወንዝ የፈሰሰበት
ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ስሜን በከባዶች ዝርዝር ላይ ጻፍኩት።
ዘርይሁን ራሱን ነቀነቀ። አየሁት።
መጨረሻ እሆን ይሆናል። ዕንቁላሉም አልተገኘ።
ታናሼም ወተቱን ይጠጣል እንደተመኘ።
ግን ዛሬ ሰንሰለቱን ስስብ በማለዳ፣
ሁለቱ ኪሎዎች አብረው ሳቡ እንጂ አልቆሙም እንደ ባዳ።

ለሮብሌ ዕዳዬን ከፈልኩት፤ አራት ብር።
መርፌው ሥልሳ አንድን አልፎ ትንሽ ሲዞር፣
«እህቴ፣ ድነሻል» አለኝ።
ከደንገጎ በላይ ደመናው ጠቁሯል፤
የሲኖትራኩ ሹፌር ከአሸዋው ለመውጣት ቸኩሏል።