የሦስት ቀን ሱቅ

ሙሐረቅ ላይ፣ ከጀልባ ጠጋኞች ጀርባ፣
ወለሏ የተሰነጠቀ፣ ግድግዳዋ ጨው የሚያነባ፣
ድሮ ዕንቁ ሲመዘንባት የኖረች አንዲት ክፍል
ለሦስት ቀን ተከራየን።
«ሱቅ ሥሪልኝ» አለች ሙዲ፣ «እንደ ሱቅ የደመቀ፣
ግን አንዲት ዕቃ ሳይሸጥ፣ ገቢውን ሁሉ ያስጨነቀ።»

ሜትሬን ዘረጋሁ። አራት በሦስት ተኩል።
የኔ ሙያ የሽቶ ባንኮኒ፣ የሰርግ መድረክ ማሳመር፣
በመብራት አታልሎ የዕቃን ዋጋ መቆለል ነበር፤
ቆሻሻን በወጉ መደርደር ማን አስተማረኝ?
መጀመሪያ ዓሣ ነባሪ ሣልኩ፣ ሆዱ በጠርሙስ የተነፋ።
ሙዲ ሳቀች። «ይህንንማ ሁሉም ሠርቶታል፣ ብርዛፍ፤
ፎቶ ይነሡበትና የታሸገ ውሃ ገዝተው ይሄዳሉ።»
እውነቷን ነው። ቀደድኩት።

ማለዳ፣ ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ከዳር ወርደን ለቀምን፣
ማጎንበሱ ሳያንሰን ደግሞ እየቆጠርን፤
የሻምፖ ክዳን፣ ነጠላ ጫማ (ሁልጊዜ የግራ)፣
ፌስታል በፌስታል ላይ፣ አረም የበቀለበት፣
እኛ አገር ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ፣
ስሙ ደጋ፣ ሬሳው ቆላ፣ ካሸዋ የሚተራመስ።
እና አንድ መረብ። አረንጓዴ፣ የናይሎን፤
ሁለት ሆነን ብንጎትት እንኳ አቃተን።
በየዓይኑ የሸርጣን ቅርፊት፣ ጥጉ ላይ የኤሊ አጥንት።
በዓሣ ሻጭ ጋሪ ወሰድነው፣ የሸተተው ሁሉ ዞሮ እያየን።

ያዘዝነው መደርደሪያ ከተፍ አለ፣
በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ በላስቲክ ታስሮ።
ሙዲ ደወለች፣ ጮኸች፣ ስልኩን ወረወረች።
«ተይው» አልኳት። መጠቅለያውን ደጃፉ ላይ አነጠፍኩት፣
የመጣ ሁሉ እያንኮሻኮሸ ይግባበት።
የዋጋ ወረቀት ላይ ገንዘብ አልጻፍንም።
ማንኪያው ላይ «አንድ ጊዜ ሩዝ ተበላብኝ»፣
ጫማው ላይ «ባለቤቴን ያያችሁ»።
መረቡን ከጣሪያ ሰቀልነው፣ መብራቱን ከላዩ ለቀን፣
ጥላው የሚገባውን ሰው ፊቱ ላይ እንዲያጠምድልን።
የሱ ወረቀት ብቻ ባዶ ቀረ። ቃል አጣን።

ተማሪዎች መጡ፣ ተንጫጩ፣ ሄዱ።
አንዲት ሴት የመብራቱን ዋጋ ጠየቀች።
በመጨረሻው ማታ፣ መዝጊያውን ልስብ ስል፣
ጁምዓ የሚባሉ አዛውንት ጫማቸውን አወለቁ፤
ሱቅ ነው ብንል አልሰሙንም።
ቀና አሉ። እጃቸውን ሰደው አንድ ቋጠሮ ዳሰሱ፣
ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ የግራኝ ሰው ቋጠሮ።
«የኔ ነው» አሉ። «ማዕበል ከወሰደው አራት ዓመቱ።»
ሙዲ ካሜራ አነሣች። እጇን ያዝኩ።

«ስንት ነው?»
«አይሸጥም፣ ሐጂ።»
«ዋጋውን መች ጠየቅኩሽ?
ስንት ነው የያዘው፣ አራት ዓመት ያለኔ ሲያጠምድ፣
የሚስበው ሳይኖር፣ የሚበላለት ሳይኖር፣
ሌት ከቀን፣ ለማን?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳሱን አቀበልኳቸው።
ባዶዋን ወረቀት ይዘው ብዙ ቆሙ፤
ቁጥር ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ
ስማቸውን ጻፉ፣
ሙሉ ስማቸውን፣ ካያታቸው ጋር፣
ዕዳ እንደሚፈርም ሰው።

በማግስቱ ሱቁን አፈረስን። መደርደሪያው ተመለሰ።
የደጃፉ ላስቲክ፣ ያ ሁሉ እግር ረግጦት፣ አልተቀደደም።
አጣጥፌ ካልጋዬ ሥር ከትቼዋለሁ፣
የት እንደሚጣል ቢቸግረኝ።