ሦስት ሜትር

የነፍስ አባቴ መጡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
አራት ፎቅ በእግር፣ ሊፍት በሌለበት።
ወንበር ሳስጠጋላቸው፣ በትንፋሽ መካከል
"ምን አለ ልጄ?" አሉኝ፣ አውጥተው መስቀል።
"ረቡዕ ማኪያቶ ጠጣሁ፣ ጾሙን ዘንግቼ…"
አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩኝ ተደስቼ፣
በቀላል ተፈትቼ።
ጉልበቴ ላይ ታተመ የምንጣፉ አበባ።

ያልነገርኳቸው ግን ሦስት ሜትር ነበረ።
ቀያሽ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
ከኦቦ ዱጉማ ጤፍ ዳር የተከልኩት ችካል፣
ትንሽ ወደ ውስጥ፤
ማን ልብ ይለዋል?

ቢሮው "የመሣሪያ ስህተት" ይለዋል።
ደላላው "የሻይ" ይለዋል።
እኔ፣ "የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ"።
ድንበር ገፊ ርጉም ነው የተባለው
በገመድ ዘመን ነው፤
እኔ የምለካው በሳተላይት ነው።

አባ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው
ቆም አሉና፣ እንዲሁ ለጨዋታ፦
"ኀጥአ ማለትኮ በግዕዝ 'አጣ' ነው፤
ኃጢአት ማጣት ነው" አሉኝ።
ኪሴ ሙሉ ነበር።
የታክሲ ሰጠኋቸው።

አመሻሽ ላይ፣ ከበረንዳዬ፣
ኦቦ ዱጉማ ይታየኛል፤
የቆርቆሮ አጥሩን ጥግ ጥጉን ይዞ
እርምጃ ይቆጥራል።
አርባ ሦስት ነበር፣ ከአባቱ ጀምሮ፤
አሁን አርባ ላይ ያልቅበታል።
ይቆማል። ጫማውን ያያል።
ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል፤
የተሳሳተው እሱ ይመስለዋል።