ሁለተኛው እንቁላል

ብየዳ ነው ስራዬ፣ ቱርኩ፣ መርከብ መስሪያው፤
ብረት አንኳኩቼ ነው ውፍረቱን የምለየው።
ሚዛን አታላይ ነው፣ ክብደት ብቻ ያወራል፤
ሸክም ይሁን ጉልበት፣ እሱን ማን ይነግራል?

ልጄ ስትወለድ፣ በሃያ ስድስት ሳምንት፣
ሙሉዋን ይውጣት ነበር የብየዳ ጓንት።
ቆዳዋ ከመሳሳቱ ብርሃን ያሳልፋል፤
ከስሩ ደም ስሯ እንደ ካርታ ይነበባል።
ስብ የሚሉት ካባ ሳይደረብላት
ወጣች በጥር ብርድ፤ እንጃ ማን እንደጠራት።

እናቷ ሲርካ ገና ከአልጋ አልተነሳችም፤
ኦውቲ የምትባል ነርስ ፈቃድ አልጠየቀችም፤
ሸሚዜን ፈታታ ደረቴ ላይ አኖረቻት፣
«ምድጃ ነህ» አለች፣ «ዝም ብለህ አሙቃት።»

ታይሚ አልናት። ችግኝ ማለት ነው በቋንቋችን።
ዛፍ የሚሆን ነገር አልነበረም በእጃችን።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ወረቀት ላይ መስመር ሆነ፤
ልባችን በግራም ወጣ፣ በግራም ባከነ።
ሰባት ግራም ጨመረች፤ ሲርካ ኬክ ጋገረች።
አራት ግራም ቀነሰች፤ ኬኩን ማን በላው፣ ደረቀች።
ወተቱ ላይ ዱቄት፣ ዱቄቱ ላይ ዘይት፤
«ትድረስባቸው» ነበር የቤታችን ጸሎት።
ደረሰች።

ልትወለድበት የነበረው ቀን ሲመጣ
እንቁላል ውስጥ አስገቧት፣ ገና ከአንዱ ሳትወጣ፤
መስኮት ያለው፣ ነጭ፣ ሞላላ መሳሪያ፤
ገላዋ የገፋው አየር ነው መለኪያ።
ሁለት ደቂቃ ሞላ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና
«ክብደቷ ሞልቷል» አለ፣ «ስጋዋ ነው ገና።
በጊዜው ከመጣ ልጅ ስቧ በልጦ፣ ጡንቻዋ አንሷል፤
ከማህፀን ውጭ ሲያድጉ ብዙ ጊዜ ይህ ይታያል።»

ተናደድኩ። በስንት ሌሊት የለመንነው ግራም
ሐሰተኛ ብር ነው? ከልጅ አይቆጠርም?
ኦውቲ ሳቀች (የዚያች ሴት ሳቅ መቼም አያልቅም)፣
«ራቁቷን መጥታ ብትደርብ ምን ይደንቅሃል?
ብርድን ያወቀ ገላ ልብስ ያበዛል።»

ዘንድሮ ሰባቷ ነው። ከክፍሏ ሁሉ አጭር ናት፤
እግሯ ቀጭን፣ ሆዷ ክብ፣ ደረጃ የሚያደክማት።
በየዓመቱ ይጠሩናል፤ ይለኳታል እንደ ጨርቅ፤
አሁን እንቁላሉ ትልቅ ነው፣ ትገባለች ስትስቅ፤
«ልፈለፈል ነው!» ትላለች በሩ ሳይዘጋ።
ወረቀቱን ሲርካ ታነበዋለች። እኔ ትቻለሁ።

ቅዳሜ ነው። የበረዶ መንሸራተቻዋን ገልብጬ
ሰም እቀባለሁ፣ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ።
ሰም የሌለው እንጨት በረዶው ላይ አይሄድም፤
ሰም ብቻ የሆነም ሰው አይሸከምም።
ሁለቱን ማስማማት የጣት ስራ ነው፤
ሲበዛ ይይዛል፣ ሲያንስም ያው ነው።

ዳገቱን ጀመረች። ወደቀች።
ተነሳች። እንደገና ወደቀች።
እጄን ኪሴ ከተትኩት፣ እንዳይሮጥ፤
እሱ እንደሆነ ዛሬም ስምንት መቶ ግራም ነው የሚያውቀው።

ቀይ ኮፍያዋ ጉብታው ጫፍ ላይ ታየ፤
ትንፋሿ ከፊቷ እንደ ክር ተለየ።
ከላይ ሆና ጮኸች፣ መለካት ለምዳለች፤
«አባዬ፣ ስንት ሆንኩ?» ትለኛለች።

በእጄ ሰም ብቻ ነው፤ ሚዛን አልያዝኩም።
«ውረጂና ንገሪኝ» አልኩ፤ «እኔ አላውቅም።»

መጣች።