ደመና በመጋላ

ከሩዝ ጆንያው ጀርባ፣ ከዘይት ጀሪካን መሐል
አንድ ጥቁር ሰርቨር ሌት ተቀን ያቃስታል።
አቧራ ጠጥቶ፣ ሙቀት ጠጥቶ፣ ማራገቢያው ደክሞት፤
መብራት በጠፋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሞት።

«ይነቀል» አልኳቸው ለአው አብዱሰመድ፣
«የሱቁ ሒሳብ ሁሉ ደመና ላይ ይሂድ።»

ዝም አሉ።
መነጽር አወለቁ፣ ወደ ደንገጎ አዩ፤
ተራራው ገላጣ ነው፣ ንጹሕ ነው ሰማዩ።

«የት ነው ያደግኸው?» «ሳቢያን።» «አሃ፣ ለዚህ ነዋ!
ደመናን በፍቅር አይጠሩም፣ ልጄ፣ በድሬዳዋ።
እዚህ ኮከብ ሞልቶ፣ እላይ አገር ዘንቦ፣
ያ ደረቅ ደቻቱ ሌሊት ይመጣል ታጅቦ፤
አልጋ ከነአንሶላው፣ ሰው ከነሕልሙ ደርቦ።»

እኔ ግን ማስረዳት እንጀራዬ ነውና
የካርቶን ክዳን ላይ ሣልኩላቸው ደመና።
«ሰማይ ላይ አይደለም፤ የሰው ብረት ነው፣ ሩቅ፣
በቀዝቃዛ አዳራሽ በሺህ የሚታጨቅ።
አንዱ ብረት ሆድ ውስጥ አሥር ኮምፒውተር አለ፣
አካል የሌለው፣ ሥራ ግን ያለው፣ በልክ የተከፋፈለ።»
«ታዲያ ተከራይ ነኛ!» ሳቁ በከንፈራቸው ጫፍ፤
«አርባ ዓመት የራሴን ግድግዳ ስለስን፣ ስደግፍ፣
በስተርጅና ደግሞ ኪራይ ልክፈል በወሩ?»
«በተጠቀሙት ልክ ነው፤ እንደ ባጃጅ፣ በቁጥሩ፤
ረመዳን ሲደርስ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ሰፋ ይላል፣
ሰዉ ሲጠፋ ደግሞ በራሱ ይጠባል።»

ገመዱን አሳየኋቸው። «ሲያዩት አንድ ነው፤
ውስጡን ግን በሦስት መንገድ ለያየሁት፣ ይኸው።
የረምላ ሒሳብ ባንዱ፣ መጋዘኑ ባንዱ፣
ለእንግዳ የሚለቀቀው ዋይፋይ በሦስተኛው መንገዱ፤
ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አይተያዩም፣ አይነካኩም፣
በር ካልከፈትኩላቸው አይተዋወቁም።»

«ግንብ ነው?»
«ግንብ ነው። ድንጋይ የለውም እንጂ።»

የጀጎል ልጅ ናቸው፤ ግንብ ሲሏቸው ይገባቸዋል፤
በር ስንት ሰዓት ይዘጋ እንደነበር አያታቸው ነግረዋቸዋል።
«በረኛው ማነው ታዲያ? ቁልፉ በማን እጅ ነው?»
«ከፊሉ በእኔ» አልኩ። «ሌላውን የያዘውን ሰው...
አይቼው አላውቅም።»

ረምላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«አይተኸው ለማታውቀው ሰው?» አለች።

«ተዪው» አሏት። «ካፒቴኑን መቼ አየነውና?
ስኳሩ ባሕር አቋርጦ ደጃችን ይደርስ የለም?
አባቴ ብሩን ለማያውቀው ሰው በባቡር ይሰድ ነበር፤
ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ፣
እጅ መጨባበጥ ብቻ።
አንተም ደመና አትበለው ደግሞ፤ ስም አለው በእኛ፤ አማና።»

ከዚያ ጎንበስ አሉ። ከካዝናው ሥር
አንድ መዝገብ ወጣ፣ ያበጠ፣ የጭቃ ቀለም ያለው፣ እንደ ኩበት ክብር።
የዱቤ መዝገብ ነው። ገለጡልኝ። ስም፣ ስም፣ ስም፤ አጠገቡ ብር፤
ሁለት ኪሎ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ምስር።
«እነዚህን ውሃው ወሰዳቸው። ዕዳውን ትቻለሁ።
ስማቸውን ግን አልሰረዝኩም፤ በየነሐሴው አነበዋለሁ።
አንተ ጋ የት ይገባሉ?»

ፕሮግራሙን አየሁት። ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤
«የሚከፍል»፣ «የተዘጋ»። ሌላ ሰው አያውቅም፣ ምን ላርገው?

ማታ መብራት መጣ፣ ማዛወሩን ጀመርኩ።
አሥራ ሁለት በመቶ። ሠላሳ። ውሃ ጠጣሁ፣ ጠበቅኩ።
የሐረሩ ቅርንጫፍ ወጣ፣ የጅግጅጋ ደንበኛ ወጣ፣
ዘይቱ፣ ፓስታው፣ የሦስት ዓመት ጣጣ።
መዝገቡን በስልኬ ላነሳው ገለጥኩት፤
የድሮ ውሃ ሸተተኝ። መልሼ ዘጋሁት።

ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ። ስም አልሰጠሁትም።

ደንገጎ ላይ ብልጭ አለ፤
መብረቅ ይሁን የጭነት መኪና መብራት
አልለየሁትም።
ሰባ አንድ በመቶ።