አንቀጽ ዘጠኝ

ሐሙስ ማታ፣ ቶሌዶ፣ ከጎማ መጋዘኑ ጓሮ፣
ቀይዋ ኳስ በመሃል፣ የኖራው መስመር ተሰምሮ፣
ኦቲስ ደንቡን ያነባል እየጠረገ ጉሮሮ፦

«ከመስመሩ አልፎ የለጋ፣ ወጣ፤
በኳስ የተመታ ሯጭም፣ ከትከሻ በታች፣ ወጣ፤
አናቱን ከሆነ፣ ዳነ፤
አጎንብሶ ከሆነ ግን፣ ጥፋቱ የራሱ ሆነ።»

ሎሬይን፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ፣ ስልሳ አንድ ዓመቷ፣
ለግታ ስትሮጥ፣ ሁለተኛው ማዕዘን ጋ፣ ወደቀ መነጽሯ ከፊቷ፤
ላንሳ ብላ ጎንበስ ስትል፣ የክላይድ ኳስ ጧ! አናቷ።

ኦቲስ ወረቀቱን ገለበጠ። ስለ መነጽር የሚል የለም።
«ዳነች!» አለ።
ክላይድ አልተከራከረም፤
መነጽሯን አንስቶ፣ በሸሚዙ ወልውሎ ሰጣት፤
በሚቀጥለው ምት ግን፣
በደንቡ መሠረት፣ ጀርባዋን መታት።